የአየር ጠመንጃ ኢላማ መሳት ሲጀምር፦ ማነጣጠሪያውን ከማዞራችሁ በፊት ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ

ባለፈው ወር አምስቱንም ጥይት አንድ ቦታ ላይ ይደረድር የነበረ ኤርጋን አሁን አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ላይ ይልካል። ጅማ ላይ ይህ ቅሬታ ዝናቡ ሲጠና እና እንደገና በጋው ሲገባ ይበዛል። አብዛኛው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፦ የማነጣጠሪያውን ብሎን ማዞር። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ የላላ ብሎን ወይም ጥይት ሆኖ ሳለ ማነጣጠሪያው ከተዞረ ከአንድ ችግር ሁለት ይሆናል።

ሁለተኛው ጥፋት ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ መነካካት ነው። ብሎን ማጥበቅ፣ ዘይት መጨመር፣ ጥይት መቀየር፣ ሁሉም በአንድ ከሰዓት ይደረጋል። ጠመንጃው ቢስተካከል እንኳ ምን እንዳስተካከለው አይታወቅም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከቀላሉና ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምራል። ሳትዘሉ ሂዱ። አንድ ደረጃ በጨረሳችሁ ቁጥር ተኩሳችሁ አረጋግጡ።

መመሪያው የሚመለከተው በርሜሉ ታጥፎ የሚቀባበለውን፣ በሞላ የሚሠራውን፣ 4.5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን የተለመደ የአየር ጠመንጃ ነው። በጋዝ ጠርሙስ የሚሠራ ካላችሁ ደረጃ 3 እና 5 አይመለከቷችሁም።

ከመነካካታችሁ በፊት

ጠመንጃው ጥይት የጎረሰ ነው ብላችሁ ያዙት። ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ ብታዩም እንኳ አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። ብሎን የምትነኩት ሳይቀባበል ብቻ ነው።

በርሜሉን አጥፋችሁ ጥይት ስታጎርሱ አንድ እጃችሁ በርሜሉን አጥብቆ ይያዝ። ምላጩ ቢያመልጥ በርሜሉ በሞላው ጉልበት ተመልሶ ይዘጋል። ጣት ይቆርጣል። በርሜሉንም ያጣምማል፣ የተጣመመ በርሜል ደግሞ ከዚያ በኋላ ኢላማ አይመታም።

ባዶውን አትተኩሱ። ከፊቱ ጥይት ከሌለ ፒስተኑን፣ ማለትም በሞላው ተገፍቶ አየሩን የሚያምቀውን ብረት፣ የሚያለዝብለት አየር አይኖርም። ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ማሸጊያው ይሰበራል፣ ሞላው ይጎዳል። «ድምፁን ልስማው» እያሉ ባዶውን ማስጮህ ጠመንጃ ይገድላል።

የቆርቆሮ አጥር፣ ድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ግድግዳ ፊት ለፊት አትተኩሱ። ጥይቱ ነጥሮ ይመለሳል። ከኢላማው ኋላ አሸዋ የሞላ ጆንያ አቁሙ። ጎረቤት በተጠጋጋበት ሰፈር፣ በመርካቶም ሆነ በፈረንጅ አራዳ በኩል፣ ጆንያው ከኢላማው በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ አንድ ክንድ ይትረፍ። ኢላማ የሳተ ጥይት ከ300 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ልጆች ከተኳሹ ኋላ ይቁሙ።

ኢላማችሁ ወረቀት ነው። ወፍ፣ ጉሬዛ፣ የጎረቤት ድመት ኢላማ አይደሉም። ቦዬ ረግረግ ላይ ያሉትን ወፎች ለመምታት ኤርጋን ይዛችሁ አትውረዱ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ስለ ጠመንጃው ራሱም ቢሆን አቅራቢያችሁ ያለውን ፖሊስ ጣቢያ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የምታዘጋጁት

ብሎኑን በልክ የሚገጥም ካቻቢቴ፣ ወይም ብሎኑ እንደዚያ ከሆነ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ። ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የብሎኑን ጭንቅላት ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይፈታውም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ጥጥ፣ ጠንካራ ናይለን ክር፣ ስስ ሶፍት፣ እርሳስና ነጭ ወረቀት። በወፍራም ጨርቅ ወይም በአሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ለክንድ መደገፊያ። አዲስ ያልተከፈተ የጥይት ቆርቆሮ ቢኖር ጥሩ ነው።

ደረጃ 1፦ አሁን ያለውን መዝግቡ

1. ኢላማውን በ10 ሜትር አቁሙ። ርቀቱን በሜትር ለኩት፣ በእርምጃ አትገምቱ። 10 ሜትር በኦሊምፒክ የአየር ጠመንጃ ውድድር የሚተኮስበት ርቀት ነው፤ ለፍተሻም ይበቃል።
2. ንፋስ የሌለበትን ሰዓት ምረጡ። ጅማ ላይ ማለዳው ይሻላል።
3. ተቀምጣችሁ፣ ክንዳችሁን ከረጢቱ ላይ አሳርፋችሁ፣ አንድ ነጥብ ላይ እያነጣጠራችሁ 5 ጥይት ተኩሱ። በመካከል ምንም አታስተካክሉ።
4. ወረቀቱን አውጡ፣ ቀኑንና የጥይቱን ዓይነት ጻፉበት። በሌላ ወረቀት ድገሙት።

ደህና የሆነ ኤርጋን በዚህ ርቀት አምስቱንም የአንድ ብር ሳንቲም በሚሸፍነው ቦታ ውስጥ ማሳረፍ አለበት። አሁን ወረቀቱን አንብቡ።

አምስቱ ተጠጋግተው ከመሐል ርቀው ካረፉ ጠመንጃው ደህና ነው። ማነጣጠሪያው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ቢሆንም የማነጣጠሪያውን መያዣ ጨምሮ ብሎኖቹን (ደረጃ 2) ሳታዩ ወደ ደረጃ 7 አትለፉ።

በሁሉም አቅጣጫ ከተበተኑ ብሎን፣ አያያዝ ወይም ጥይት ነው። ደረጃ 2፣ 3 እና 4 ለእናንተ ናቸው።

ሁለት ቦታ ላይ ከተሰበሰቡ፣ ለምሳሌ ሦስቱ እዚህ፣ ሁለቱ እዚያ፣ አንድ የላላ ነገር በሁለት ቦታ መካከል እየተመላለሰ ነው። ማነጣጠሪያውን ወይም የበርሜሉን መታጠፊያ ጠርጥሩ።

ከላይ ወደ ታች በመስመር ከተደረደሩ ጉልበቱ ከተኩስ ተኩስ ይለያያል፣ ወይም አያያዛችሁ ይለዋወጣል። ደረጃ 3ን እና 5ን በትኩረት ሥሩ።

አንዲት ነጠላ ጥይት ብቻ ከርቃ አራቱ ከተጠጋጉ ፍርድ አትስጡ። ድገሙት።

ደረጃ 2፦ ብሎኖች

ጅማ ውስጥ ብዙው ችግር እዚህ ያበቃል። ሞላ ያለው ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይርገበገባል፣ ይህም ብሎኖቹን ያላላል። በዚያ ላይ የአየሩ ነገር አለ። እንጨቱ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በታኅሣሥና በጥር ይደርቅና ይሸሻል። ግንቦት ላይ የጠበቀ ብሎን ጥር ላይ በእጅ ይዞራል።

1. ጠመንጃው ያልተቀባበለና ባዶ መሆኑን አረጋግጡ።
2. በእንጨቱ ፊት ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ብሎኖች፣ ከዚያ ከምላጩ ፊትና ኋላ ያሉትን ፈልጉ።
3. ከማጥበቃችሁ በፊት እያንዳንዱ ምን ያህል እንደላላ እዩ። የላላውን ጻፉት። ነገ እንደገና የሚላላው እሱ ነው።
4. የፊቶቹን ሁለቱን በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁ በኋላ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ብረቱ ወደ አንድ ጎን ይሳባል።
5. «ያዘ» ሲላችሁ አቁሙ። በሙሉ ጉልበት መግፋት እንጨቱን ይጨፈልቃል።
6. የማነጣጠሪያውን መያዣ ብሎኖች በዚሁ እዩ። ማጥበቅ ብቻ እንጂ ማስተካከያውን አትንኩ።
7. እንደ ደረጃ 1 አምስት ተኩሱ።

*ብሎኑ በየቀኑ ከላላ፦* አውጡት፣ ጥርሱን ከዘይት አጽዱ፣ ትንሽ የጥፍር ቀለም ቀብታችሁ መልሱት፤ ሌሊቱን ይድረቅ። ሲያስፈልግ በካቻቢቴ ይፈታል። ሱፐር ግሉ አታድርጉ፣ ለዘላለም ይጣበቃል።

*የብሎኑ ጭንቅላት እንጨቱ ውስጥ እየሰመጠ ከሆነ፦* ከሥሩ ልኩ የሆነ ሮንዴላ አስገቡ።

*እንጨቱ ከተሰነጠቀ፦* መተኮስ አቁሙ። በሽቦ አትሰሩት። ጅማ እንጨት የሚያውቅ ባለሙያ የሞላባት ከተማ ናት፤ በርጩማና ወንበር የሚሠራ ሰው ስንጥቁን በኮላ አጣብቆ ሊመልስላችሁ ይችላል። ብረቱን ነቅላችሁ እንጨቱን ብቻ ውሰዱ።

*እንጨቱ ዝናብ ከነካው፦* ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ምድጃ አጠገብ ካሰጣችሁት ይጣመማል።

ደረጃ 3፦ አያያዝ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከብሎን ቀጥሎ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው እላለሁ። ምላጩ ሲሳብ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ጠመንጃውም ጥይቱ ከበርሜሉ ከመውጣቱ በፊት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የያዛችሁበት መንገድ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጣል። ወታደራዊ ጠመንጃ ተኩሶ የሚያውቅ ሰው ኤርጋን የሚስተው ለዚህ ነው፤ አጥብቆ ይይዘዋል።

1. የግራ መዳፋችሁን ክፈቱ። እንጨቱ መዳፉ ላይ ይረፍ። ጣቶቻችሁ አይጨብጡት።
2. መዳፋችሁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሁን። በእርሳስ እንጨቱ ላይ ምልክት አድርጉ።
3. ሰደፉን ትከሻችሁ ላይ በስሱ አስጠጉ፣ አትሳቡት።
4. ጉንጫችሁን በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ አሳርፉ።
5. ግማሹን ትንፋሽ አስወጡና ያዙ፤ ምላጩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ድምፁ ድንገት ይምጣባችሁ እንጂ አስባችሁት አይምጣ።
6. ከተኮሳችሁ በኋላ ወዲያው ቀና አትበሉ። ጥይቱ ወረቀቱን እስኪመታ ማነጣጠራችሁን ቀጥሉ።

ጠመንጃውን ራሱን ጠረጴዛ፣ የመስኮት ጠርዝ ወይም ድንጋይ ላይ አታስደግፉ። ከረጢቱ ለእጃችሁ ነው። በርሜሉን ማንኛውም ነገር ላይ ማሳረፍ ከሁሉም የከፋ ነው።

*አሁንም ከተበተነ፦* ሌላ ሰው በዚሁ አያያዝ አምስት ይተኩስ። የእሱ ተሰብስቦ የእናንተ ከተበተነ ጠመንጃውን ተዉት፣ አያያዝ ላይ ሥሩ። የሁለታችሁም ከተበተነ ወደ ሚቀጥለው።

ደረጃ 4፦ ጥይት

የኤርጋን እርሳስ ጥይት ለስላሳ ነው። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ከተንከራተተ ቀሚሱ፣ ማለትም የኋላው ክፍት ጠርዝ፣ ይጎብጣል። የጎበጠ ቀሚስ አየሩን በአንድ ጎን ያስመልጣል፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ይገፈተራል።

1. ጥይቶቹን ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሱ። የጎበጡትን፣ የተቆረጡትን፣ ነጭ ዱቄት የያዙትን ለዩ።
2. እያንዳንዱን ስታጎርሱ ስሜቱን አስተውሉ። በስሱ ተገፍቶ የሚገባ ጥሩ ነው። ራሱ የሚወድቅ ልል ነው። በጥፍር ተገፍቶ የማይገባ ጠባብ ነው።
3. ጥይቱ ከበርሜሉ ኋላ ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ይግባ። ወጣ ያለ ጠርዝ በርሜሉ ሲዘጋ ይጨፈለቃል።
4. ከአንድ ቆርቆሮ የወጡ አስር ጥይቶችን ተኩሱ፤ ከሌላ ዓይነት አስር። የትኛው እንደተሰበሰበ ወረቀቱ ይነግራችኋል።

ሁለት ጠመንጃ አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ የወደደውን ጥይት ሌላው ሊጠላው ይችላል። ስለዚህ የጓደኛችሁን ምክር ሳይሆን የራሳችሁን ወረቀት እመኑ። ውድ ስለሆነ ብቻ አትምረጡ።

የብረት ድቡልቡል ጥይት በርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር ላለው ጠመንጃ አትስጡ። መስመሩን ይበላዋል፣ የተበላ መስመር አይመለስም። ጥይት አፍ ውስጥ አትያዙ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ደረጃ 5፦ መታጠፊያውና የጎማ ማሸጊያው

በመጀመሪያ መታጠፊያው። በርሜሉን ዘግታችሁ ጫፉን ወደ ግራና ቀኝ በእጃችሁ ሞክሩት። መንቀሳቀስ የለበትም። ከተንቀሳቀሰ የመታጠፊያውን ትልቅ ብሎን በጥቂቱ አጥብቁ። በጣም ከጠበቀ በርሜሉ ለመታጠፍ ይከብዳል፤ ያኔ ትንሽ መልሱ።

ከዚያ ማሸጊያው። በርሜሉ ሲታጠፍ የሚታየው የጎማ ቀለበት እሱ ነው። የተሰነጠቀ፣ የደረቀ ወይም ጠፍጣፋ የሆነ እንደሆነ በዓይን ይታያል። በዓይን ካልለያችሁ፦

1. ጥይት አጉርሳችሁ በርሜሉን ዝጉ።
2. ጥፍር የምታህል ስስ ሶፍት በርሜሉና አካሉ የሚገናኙበት ላይ አስቀምጡ።
3. ወደ ኢላማው ተኩሱ።

ሶፍቱ ሽው ብሎ ወደ ላይ ከተነሣ አየር ያመልጣል። በርግብግቡ ትንሽ ቢንሸራተት አትደናገጡ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሩና ሁልጊዜ የሚተፋው ከሆነ ብቻ ፍረዱ።

*ካመለጠ፦* ቀለበቱን በስስ እንጨት አውጡ፣ በብረት አትፈልቅቁት። አሮጌውን ይዛችሁ ወደ ሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ ሂዱ፤ በስፋትም በውፍረትም እኩል የሆነውን ምረጡ። ልኩ እስኪገኝ ከሥሩ ከስስ ፕላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት ማስገባት ይቻላል።

እባካችሁ አየር መውጫዋ ቀዳዳ ውስጥ የሞተር ዘይት አታንጠብጥቡ። ይህ ምክር ከሰው ሰው ይዞራል፣ ጉዳቱም ብዙ ነው። አየሩ ሲታመቅ በጣም ይሞቃል፣ ዘይቱን ያቀጣጥለዋል። የሚሰማችሁ ከባድ ድምፅና ጭስ ጉልበት አይደለም፤ ፍንዳታ ነው። አንዱ ተኩስ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፣ የፒስተኑ ማሸጊያም ይቃጠላል።

*ዘይት ገብቶ ከሆነ፦* ሳይቀባበል፣ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ጨርቅ ላይ ሌሊቱን አቁሙት። ጠዋት በርሜሉን በደረቅ ጨርቅ አጽዱ። ከባድ ከሚባለው የጥይት ዓይነት ጥቂት ተኩሱ። ጭሱ እየቀነሰ ከሄደ ቀጥሉ። ከባዱ ድምፅ ካልቆመ ተዉት፣ ለባለሙያ ስጡ።

ደረጃ 6፦ በርሜሉና አፈሙዙ

ኤርጋን ባሩድ ስለሌለው በየሳምንቱ ማጽዳት አይፈልግም። ከላይ ያሉት ሁሉ ካልሠሩ ብቻ አጽዱ።

1. ናይለን ክሩን አጥፋችሁ ከኋላ ወደ አፈሙዝ አሳልፉ።
2. በክሩ ማጠፊያ ትንሽ የጥጥ ጨርቅ አስገቡ። በርሜሉ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይለፍ፣ አይወተፍ።
3. ከኋላ ወደ ፊት ሳቡ። ጨርቁን እየቀየራችሁ ጥቁሩ እስኪቀንስ ድገሙ።

*ጨርቁ ውስጥ ከቀረ፦* በምንም ዓይነት በጥይት ለማስወጣት አትሞክሩ። ለስላሳ የእንጨት ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል አስገብታችሁ ወደ ኋላ ግፉት።

የብረት ዘንግና የብረት ብሩሽ አታስገቡ። ካጸዳችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹ አስርና ሃያ ጥይቶች ሊበተኑ ይችላሉ፤ በርሜሉ ቀጭን የእርሳስ ሽፋኑን እስኪመልስ ታገሡ።

አፈሙዙን በጥጥ ዙሪያውን አብሱ። ጥጡ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ጠርዙ ተጎድቷል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ሲሚንቶ ላይ ማቆም ነው። ይህን በቤት ውስጥ በሞረድ አትሞክሩ፤ የቶርኖ ሥራ ነው።

ደረጃ 7፦ አሁን ማነጣጠሪያው

እዚህ የምትደርሱት አምስቱ ጥይት ሲጠጋጉ ብቻ ነው።

1. የኋላ ማነጣጠሪያውን ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ አዙሩ። ጥይቱ ግራ እየመታ ከሆነ የኋላውን ወደ ቀኝ። የፊተኛው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ተቃራኒው ነው።
2. በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ። በጥቂቱ አዙራችሁ አምስት ተኩሱ።
3. ሲጨርስ ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ጠመንጃው ላይ አጉልቶ የሚያሳይ የማነጣጠሪያ መነጽር የገጠማችሁ ከሆነ መያዣውን አስጠግታችሁ ከፊቱ ቀጭን የእርሳስ መስመር ስመሩ። ከሃያ ተኩስ በኋላ በመስመሩና በመያዣው መካከል ክፍተት ካያችሁ መነጽሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው። ለሞላ ጠመንጃ ያልተሠራ መነጽር በዚህ ርግብግብ ውስጡም ይፈታል።

ብርሃኑንም አስተውሉ። ፀሐይ ከአንድ ጎን ስትመታው የፊት ማነጣጠሪያው ዘንበል ያለ ይመስላል። ማለዳ ያስተካከላችሁትን ከሰዓት ላይ አትፍረዱት።

«ጠመንጃው አዲስ አበባ የተስተካከለ ስለሆነ ነው» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ። የአየሩ ውፍረት ስለሚለያይ ጉልበቱ ትንሽ ይለወጣል። በ10 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ አምስት ጥይት አይበትንም።

መቼ ታቆማላችሁ?

ስታቀባብሉ የሚፋጭ ድምፅ ካለ፣ ማቀባበሉ ድንገት ከቀለለ፣ ወይም ጥይቱ ወረቀቱን ከመብሳት ይልቅ መቅደድ ከጀመረ ሞላው ወይም የፒስተኑ ማሸጊያ ነው። ሞላው ውስጥ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። ያለ ማፈኛ መሣሪያ ከኋላ የፈታ ሰው ሞላው ፊቱ ላይ ይወረወርበታል። የተኮሳችሁባቸውን ወረቀቶች ይዛችሁ ጠመንጃውን ለባለሙያ አስረክቡ። የት እንደሳተ፣ ምን እንደሞከራችሁ ከተጻፈበት ሥራው ያጥራል።

ለክረምቱ

ተቀባብሎ አታስቀምጡት፤ ሞላው ይደክማል። የጨርቅ ወይም የቆዳ ማህደር ውስጥ አታሳድሩት፣ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ከጭቃ ግድግዳ አርቃችሁ፣ ልጆች በማይደርሱበት በሚቆለፍ ቦታ፣ ጥይቱን ለብቻ አስቀምጡ። የውጭውን ብረት በሳምንት አንድ ጊዜ ዘይት በነካ ጨርቅ አብሱ፤ ዘይቱ ወደ ቀዳዳዋ አይድረስ። መስከረም ላይ ስታወጡት ከደረጃ 2 ጀምሩ።